ግሪኛርድ ድሬ ላይ እንቢ አለ፤ ለመሆኑ ሲንተሲስ እንጀራ ይሆናል?

ገንደቆሬ_ኬም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ፣ እዚሁ ድሬዳዋ። አንድ የላብ፣ አንድ የሥራ ጥያቄ አለኝ።

የላቡ ይቅደም። ሥራው ትራይፌኒልሜታኖልን በግሪኛርድ መሥራት ነው፤ ማለትም ማግኒዥየምና ብሮሞቤንዜን ኢተር ውስጥ ተዋህደው የሚሰጡትን ውህድ (ግሪኛርድ የሚባለው እሱ ነው) ከቤንዞፌኖን ጋር ማገናኘት። መመሪያው 0.53 ግራም ማግኒዥየም፣ 2.1 ሚሊ ሊትር ብሮሞቤንዜን፣ 20 ሚሊ ሊትር ደረቅ ኢተር፣ ቀጥሎ 3.28 ግራም ቤንዞፌኖን በ15 ሚሊ ሊትር ኢተር ተሟሙቶ ይላል። ብልቃጡ 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አድሮ፣ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ተገጣጥሟል። ኮንደንሰሩ (ትነቱን አቀዝቅዞ የሚመልሰው) አናት ላይ የካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ አለ። አንዲት የአዮዲን ቅንጣት ገብታለች። ኢተሩ ቀድሞ ከተከፈተ ጠርሙስ ተቀድቶ ካልሲየም ክሎራይድ ላይ ያደረ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ክፍሉ 33 ዲግሪ፣ ማቀዝቀዣው የቧንቧ ውኃ።

ብሮሞቤንዜኑ በሙሉ ገብቶም የአዮዲኑ ቀለም አልጠፋ አለ፤ ኢተሩ ግን ዓይን እያየው ይቀንሳል። ትንሽ ሲሞቅ ባንድ ጊዜ ተነስቶ በኮንደንሰሩ በኩል ገነፈለ። በመጨረሻ የተገኘው 1.1 ግራም ቢጫማ ጠጣር ሲሆን የሚቀልጠው ከ62 እስከ 85 ዲግሪ ነው። በስሌት 4.69 ግራም መውጣትና 162 አካባቢ መቅለጥ ነበረበት። ቲኤልሲ (ድብልቅን በቀጭን ሳህን ላይ የሚለይ ምርመራ) ላይ ከአንድ በላይ ነጠብጣብ ያሳያል። ጥፋቱ የማግኒዥየሙ ነው የኢተሩ?

ሁለተኛው፦ ኬሚስቶቹ ውድዋርድና ኤሸንሞዘር ቫይታሚን ቢ12ን እንደሠሩት ያለ ትልቅ ሞለኪውል መሥራትን (ሲንተሲስን) ሙያ አድርጎ መያዝ ከዚህ ተነስቶ ይቻላል? ወይስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ገብቶ ዝም ነው?

ደቻቱ

አቦ፣ ማግኒዥየሙን ከመክሰስህ በፊት ቴርሞሜትሩን ጠይቀው። ኢተር 34.6 ላይ ይፈላል የሚባለው በባሕር ወለል ግፊት ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ 880 ሚሊባር ገደማ ነው፤ በዚህ ግፊት ኢተር 30 ወይም 31 ላይ ይፈላል። ሐረር ላይማ ወደ 28 ይወርዳል፣ ግን እዚያ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙ አይታወቅም። አንተ 33 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ነው የሠራኸው። ስለዚህ መመሪያው ላይ «በራሱ መፍላት ሲጀምር ሪአክሽኑ ተነስቷል» የሚለውን ምልክት እርሳው፤ ምንም ሳይነሳም ይፈላል። እዚህ አገር የሚታመኑት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ የአዮዲኑ ቀለም ይጠፋል፣ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ማግኒዥየሙ ገጽ ላይ ከአንድ ቦታ ደቃቅ አረፋ መውጣት ይጀምራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቡናማ ግራጫ ይዞራል።

ኮንደንሰሩም አልረዳህም። ጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውኃ ከኢተሩ መፍያ እምብዛም አይሻልም፤ ትነቱ ሳይጨበጥ በካልሲየም ክሎራይዱ በኩል ያመልጣል። ሶልቨንቱ (ማሟሟያው ኢተር) ሲያልቅ ብሮሞቤንዜኑ ይወፍራል፣ ሲወፍር ደግሞ አንዱ ፌኒል ከሌላው ጋር ተጣምሮ ባይፌኒል ይሆናል። የገነፈለብህም በዚሁ ነው። ሙሉው 20 ሚሊሞል ሳይነካ ተጠራቅሞ ቆየና የማግኒዥየሙ ገጽ ሲነቃ ሁሉም ባንዴ ሄደ። ኢተር ትነት ባለበት ክፍል ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሙቀት ያስፈለገህ እንደሆነ የሞቀ ውኃ በሳህን ብቻ፣ ነበልባልም ስፓርክ የሚያወጣ ሆት ፕሌትም አይጠጋም።

ሲደገም እንዲህ ይሁን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀምር። ኮንደንሰሩን ከቧንቧ ነቅለህ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውኃ አድርገህ በትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አዙረው፤ በረዶ ጭማቂ ቤት ይገኛል። ማግኒዥየሙን በ5 ሚሊ ሊትር ሶልቨንት ሸፍነህ ከብሮሞቤንዜኑ 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምር። ካልተነሳ በደረቅ የብርጭቆ ዘንግ ሁለት ሦስቱን ቁራጭ ሰበር አድርግ (የብልቃጡን ቂጥ እንዳትበሳው)፣ አዲስ የተሰበረው ገጽ ኦክሳይድ የለበትም። አሁንም እንቢ ካለ 1፣2-ዳይብሮሞኢቴን ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ጭስ ማውጫ ሥር፤ መርዝ ነው። ኢቲሊን እየለቀቀ ገጹን ይጠርገዋል። መነሳቱን በዓይንህ ካረጋገጥህ በኋላ ቀሪውን 1.9 ሚሊ ሊትር በ15 ሚሊ ሊትር ሶልቨንት አቅጥነህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንጠባጥብ። የበረዶ ሳህን ከሥሩ ዝግጁ ይሁን።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ኢተሩን በቲኤችኤፍ (ቴትራሃይድሮፊውራን የሚባል ሌላ ሶልቨንት) መተካት ነው። 66 ላይ ይፈላል፣ ድሬ ላይ 62 አካባቢ፤ ሰፊ ቦታ አለህ። አንድ ዋጋ ብቻ ያስከፍላል፦ ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ ሲያልቅ ሴፓራቶሪ ፈነል ውስጥ እንደ ኢተር አይለይልህም። በጠገበ አሞኒየም ክሎራይድ ካቆምከው በኋላ ቲኤችኤፉን አትንነህ የቀረውን በኢታይል አሲቴት አውጣው።

ጀጎል_ላብ

ደቻቱ ሙቀቱን ጥሩ አድርጎ ይዞታል። እኔ የምለው ስለ ውኃው ነው፣ ምክንያቱም ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆንም ኖሮ ይህ ኢተር አያሠራም ነበር።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 20 ሚሊ ሊትር ኢተር 14 ግራም ይመዝናል። ውኃ የጠገበ ኢተር በክብደት ከመቶ 1.2 ያህል ውኃ ይይዛል፣ ማለትም 0.17 ግራም፣ ወደ 9 ሚሊሞል። ግሪኛርዱ መቶ በመቶ ቢሳካ እንኳ 20 ሚሊሞል ነው። ግማሹ ቤንዞፌኖንን ሳያይ ወደ ቤንዜን ተመልሶ ቀረ። ያ ጠርሙስ ሙሉ በሙሉ የጠገበ ባይሆንም በተከፈተ ቁጥር ወደዚያ ይጠጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ካልሲየም ክሎራይድ ለመጀመሪያ ማድረቂያ ደህና ነው፣ ኢታኖልም ይይዛል፣ ግን ለግሪኛርድ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በኋላ ወደ ሞለኪውላር ሲቭ (ውኃን ወደ ውስጥ የሚይዙ ባለ ቀዳዳ ቅንጣቶች) ማሸጋገር ነው፣ 3 አንግስትሮም የሚባለው፣ ለ100 ሚሊ ሊትር 20 ግራም፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት። ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ሲቩን ማንቃት ነው። 110 ዲግሪ ኦቨን ምንም አያደርግለትም፤ ፈርነስ ውስጥ 300 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ዴሲኬተር ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት። መንቃቱን ለማወቅ ሁለት ቅንጣት ጓንት ባደረገ መዳፍ ላይ አድርገህ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል፤ ቶሎ ካልሞቀህ ወደ ፈርነስ መልሰው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብብ፦ አንዳንድ ኢተር እንዳይበላሽ ተብሎ ኢታኖል ተጨምሮበት ይመጣል። ኢታኖል ግሪኛርድን እንደ ውኃ ነው የሚገድለው፣ የ3 አንግስትሮም ሲቭ ደግሞ አያስገባውም። በቢኤችቲ (ሌላ ማረጋጊያ) የተረጋጋውን ምረጥ።

ብልቃጡን ሲቀዘቅዝ ነው የገጣጠምከው፤ ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ስቧል። ከኦቨን እንደወጣ በጓንት ይዘህ ትኩሱን ገጣጥመው፣ ቱቦውን ወይም የናይትሮጅን ባሉኑን ያኔውኑ ሰካበት፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ።

ሌላው ፐርኦክሳይድ ነው። ተከፍቶ የቆየ ኢተርና ቲኤችኤፍ በሙቀትና በብርሃን ፐርኦክሳይድ ያፈራሉ፣ ሲተኑ ደግሞ እሱ እየወፈረ ሄዶ ይፈነዳል። ምርመራው ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሊትር ኢተር፣ 1 ሚሊ ሊትር ግላሲያል አሴቲክ አሲድ፣ 0.1 ግራም ያህል ፖታሲየም አዮዳይድ፣ ነቅነቅ። ቀለም ካልያዘ ተጠቀም። ቢጫ ከሆነ ኢተሩን (ቲኤችኤፍ ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ አይታጠብም) አሲድ በነካው የፌረስ ሰልፌት ውኃ ደጋግመህ እጠበውና እንደገና ፈትን። ቡናማ ከሆነ ወይም ክዳኑ ዙሪያ ጨው የመሰለ ክሪስታል ካየህ አትነካው፣ አትክፈተው፣ የላብ ኃላፊውን ጥራ።

ሳቢያን

ለምን ይህ ሁሉ? ሶዲየምና ቤንዞፌኖን አስገብቶ ሰማያዊ እስኪሆን ማፍላትና መንጠር ነው። ቀለሙ ራሱ ደረቀ ብሎ ይነግርሃል፣ ሦስት ቀን አትጠብቅም።

ጀጎል_ላብ

ቀለሙ እውነቱን ይናገራል፣ አልክድም። ግን የተማሪ ላብ ውስጥ፣ ውኃ በመሀል በሚቋረጥበት ከተማ፣ ሶዲየም ያለበት ድስት ላይ ኢተር ሲፈላ ማቆየትን ለማንም አልመክርም። ኮንደንሰሩ ሲደርቅ ትነቱ ክፍሉን ይሞላል፣ ሶዲየሙ ደግሞ ከታች አለ። ቀሪ ሶዲየሙን ማጥፋትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሲቩ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ሌሊት ማንም ሳይጠብቀው ያደርቃል።

ለገሀሬ

ስለ 1.1 ግራሙ ማንም አልተናገረም። አትጣለው።

ከ62 እስከ 85 የሚቀልጥ ነገር ንጹሕ አይደለም። ንጹሕ ባይፌኒል 70 አካባቢ፣ ቤንዞፌኖን 48፣ ትራይፌኒልሜታኖል 162 ላይ ይቀልጣሉ። አብዛኛው ባይፌኒል ሆኖ ያልተነካ ቤንዞፌኖንና ጥቂት ምርት የተደባለቀበት ነው የሚመስለው። ጠጣሩን በ10 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ፔትሮሊየም ኢተር ወይም ሄክሴን ፈጭተህ አጥልለው፣ አንዴ ድገመው። ባይፌኒሉ ከነቤንዞፌኖኑ ይሟሟል፣ ትራይፌኒልሜታኖሉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የቀረውን በትንሹ ትኩስ አይሶፕሮፓኖል አሟሙተህ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ ድሬ ላይ «የክፍል ሙቀት» ማለት 33 ስለሆነ ከዚያ በኋላ በረዶ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ካላስቀመጥከው ግማሹ ምርት ፈሳሹ ውስጥ ይቀርብሃል። ፈጣን ምርመራ ከፈለግህ አንዲት ክሪስታል በአንድ ጠብታ የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ጣል፤ ደማቅ ብርቱካናማ ቢጫ ከሰጠ የትራይቲል ካቲዮን ነው፣ ምርቱ አለ።

ቲኤልሲውን «ከአንድ በላይ ነጠብጣብ» ብለህ አትተወው። በአንድ ሳህን ላይ አራት ነጥብ አድርግ፦ ባይፌኒል፣ ቤንዞፌኖን፣ ያንተ ጠጣር፣ እና ያንተ ጠጣር ከቤንዞፌኖን ጋር በአንድ ላይ። ሄክሴን 9 ለኢታይል አሲቴት 1፣ ከዚያ 254 ናኖሜትር መብራት ሥር። አጠገባቸው መለኪያ ካልቆመ ነጠብጣብ ምንም አይናገርም። መብራቱ የማያሳየው ሞለኪውል ሲያጋጥምህ የፐርማንጋኔት ማቅለሚያ አዘጋጅ፦ 1.5 ግራም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ 10 ግራም ፖታሲየም ካርቦኔት፣ 1.25 ሚሊ ሊትር ባለ 10 ከመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ። ነክሮ ማሞቅ ነው፤ ሮዝ ሳህን ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል።

ፈረስ_መጋላ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። ለእኔ ከመጀመሪያው የተለየ ጥያቄ አይደለም።

ያገኘኸው 1.1 ከ4.69 ነው፤ ሁሉም ንጹሕ ቢሆን እንኳ 23 ከመቶ። በዚህ አካሄድ አራት እርምጃ ብትሄድ የሚተርፍህ 0.3 ከመቶ ገደማ ነው። በየእርምጃው 80 ከመቶ የሚያገኝ ጎበዝ ሠራተኛም በ10 እርምጃ 10.7 ከመቶ፣ በ20 እርምጃ 1.15 ከመቶ ይቀረዋል። 90 ከመቶ የሚያገኝ ሰው በዚያው በ20ው እርምጃ 12 ከመቶ ይዞ ይወጣል። በ80 እና በ90 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሊቅነት ሳይሆን እነዚህ ሰዎች ከላይ የጻፉት ነው፦ የደረቀ ሶልቨንት፣ በልኩ የገባ ጠብታ፣ ያልተጣለ የእናት ፈሳሽ (ክሪስታሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው)። መንገዱን አሳጥሮ ማቀድም ከዚሁ ይመጣል። 20 እርምጃን በአንድ መስመር ከመደርደር ሁለት ግማሽ አድርጎ እያንዳንዱን በ10 ሠርቶ ቢያጣምሩት ረጅሙ መስመር 11 እርምጃ ብቻ ነው፤ በ80 ከመቶ 8.6 ይቀራል። ኮሪ በ1990 ኖቤል ያገኘበት ወደኋላ የመተንተን ዘዴ ይህንን ከወረቀት ላይ አስቀድሞ ማየት ያስችላል፦ ከመጨረሻው ሞለኪውል ተነስተህ የትኛው ቦንድ ቢቆረጥ በገበያ የሚገኝ ነገር ላይ እንደምትደርስ ትፈልጋለህ።

ቢ12ን ጠቅሰሃል። ሐርቫርድና ዙሪክ ውስጥ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው 12 ዓመት ገደማ ለፍቶበት በ1972 ነው የተጠናቀቀው። ውድዋርድ ከዚያ በፊት ኮሌስትሮልን በ1951፣ ስትሪክኒንን በ1954፣ ሬሰርፒንን በ1956፣ ክሎሮፊልን በ1960 አስጨርሷል፤ በ1965 ኖቤል ሲሰጠው ቢ12 ገና መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ በፋርማሲ የሚሸጠው ቢ12 ግን በባክቴሪያ የሚመረት ነው። ይህን የምለው ላናንቅ ሳይሆን ሙያው የሚከፈለው በምን እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

አርቴሜተርን ተመልከት፣ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ውስጥ ያለው። አርቴሚሲኒንን በሙሉ ሲንተሲስ ከሥር መሥራት በ1983 ተችሏል፣ ግን ከተክሉ ማውጣትን በዋጋ አላሸነፈም። ፋብሪካው የሚያደርገው ከተክል የመጣውን አርቴሚሲኒን ሜታኖል ውስጥ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ላይ በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ቀንሶ ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒን ማድረግ፣ ቀጥሎ በአሲድ ሥር ከሜታኖል ጋር ማጣመር ነው። ሁለት እርምጃ ብቻ። ጥበቡ ላክቶኑ እየተቀነሰ ወባውን የሚገድለው የፐርኦክሳይድ ድልድይ ሳይነካ መትረፉ ነው። የካንሰር መድኃኒቱ ታክሶልም እንዲሁ፦ በ1994 ሆልተንና ኒኮላው በየፊናቸው ሙሉ ሲንተሲሱን ጨረሱ፣ ገበያው ግን ከዛፉ ቅጠል በሚወጣ መነሻ ላይ ጥቂት እርምጃ ጨምሮ ነው የሚሠራው። በተቃራኒው ኤሪቡሊን የጡት ካንሰር መድኃኒት ሆኖ በ2010 የተፈቀደው ከ60 በላይ እርምጃ ባለው ሙሉ ሲንተሲስ ነው፤ መሠረቱም ኪሺ በ1992 የጨረሰው የሃሊኮንድሪን ቢ ሥራ ነው። ስለዚህ በሩ አልተዘጋም፣ ግን ጠባብ ነው።

አገር ቤት ያለውን እውነት ልንገርህ። የመድኃኒት ፋብሪካዎቻችን በአብዛኛው ቅመሙን ከውጭ አምጥተው ክኒን የሚያደርጉ ናቸው፣ ቅመሙን የሚሠሩ አይደሉም። ሲንተሲስ ብቻ እየሠራ ደመወዝ የሚበላ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ብዙ አታገኝም። የተለመደው መንገድ ማስተርስ ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም እዚሁ ሐረማያ፤ ከዚያ የውጭ ፒኤችዲ ወይም ሕንድና ቻይና ያሉ የኮንትራት ምርምር ላቦች። እዚህ የሚሰጥህ የመመረቂያ ርዕስ ብዙ ጊዜ የተክል ኬሚስትሪ ይሆናል። አትናቀው። ኮለም መሙላት፣ ክፍልፋይ መከታተል፣ ኤንኤምአር (የሞለኪውልን ቅርጽ በምልክት የሚያሳይ መሣሪያ) ማንበብ የሲንተሲስ ግማሽ ሥራ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካውንም አትናቀው፣ የተስተካከለ መዝገብና የስህተት ወሰን የሚለመደው እዚያ ነው። ፒኤችዲ የሚቀበልህ ፕሮፌሰር ከነጥብህ ይልቅ ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችል የላብ ደብተር ይማርከዋል፦ ስንት ሚሊሞል፣ የትኛው ጠርሙስ፣ ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነበር፣ ምን ቀለም ታየ። ጥያቄህን 33 ዲግሪ ብለህ መጻፍህ ጥሩ ምልክት ነው።

ገንደቆሬ_ኬም (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ቲኤችኤፉን አስጠይቃለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ኤንኤምአር የለንም፤ ናሙና እንዴት ይላካል? ሁለተኛ፣ ውድ ሪኤጀንት ሳይገዛ ብዙ እርምጃ ያለው ልምምድ አለ? አሴቲክ አንሃይድራይድ ማስገባት መከራ ነው ይላሉ።

ፈረስ_መጋላ

አሴቲክ አንሃይድራይድና ፐርማንጋኔት በ1988ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሠንጠረዥ አንድ ላይ ያሉ ናቸው፣ ኢተርና አሴቶን ሠንጠረዥ ሁለት ላይ፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። በትንሽ መጠንም በተቋምህ በኩል እንጂ በግል አትሞክር።

ለልምምድ ቀፊራ ሂድና ቅርንፉድ ግዛ። 25 ግራም ወቅጠህ 500 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ አፍላው። ይደፍቃል፣ ስለዚህ ከግማሽ በላይ አትሙላ፣ እሳቱንም ቀስ። ወተት የመሰለ ፈሳሽ 120 ሚሊ ሊትር ያህል እስኪጠራቀም ንጠር፣ በ20 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን ሦስት ጊዜ አውጣ። ከዚያ ዳይክሎሮሜቴኑን በ5 ከመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ሚሊ ሊትር፤ ዩጂኖል ፌኖል ስለሆነ ወደ ውኃው ይሻገራል፣ ካሪዮፊሊኑና የዩጂኖል አሲቴቱ ዳይክሎሮሜቴኑ ውስጥ ይቀራሉ። ሴፓራቶሪውን በኃይል አትነቅንቀው፣ ሳሙና ይሆንብሃል፤ ከሆነ ጨው የጠገበ ውኃ ጨምርና ጠብቅ። ውኃውን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 2 አድርሰህ እንደገና አውጣ፣ በሶዲየም ሰልፌት አድርቅ፣ አትንን። ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ዩጂኖል ጥሩ ነው።

ቀጥሎ በአንሃይድራይድ ፋንታ ቤንዞይል ክሎራይድ። 0.82 ግራም ዩጂኖል፣ ማለትም 5 ሚሊሞል፣ በ6 ሚሊ ሊትር ባለ 10 ከመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙ፤ ብልቃጡ በረዶ ውስጥ እያለ 0.70 ሚሊ ሊትር ቤንዞይል ክሎራይድ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየመሀሉ እየከደንክ በኃይል ነቅንቅ። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጭስ ማውጫ ሥር። የሚቆረቁረው ሽታ ሲጠፋ አልቋል። ፈሳሹ እስከ መጨረሻው አልካሊ መሆን አለበት፣ አለዚያ ቤንዞይክ አሲድ አብሮ ይዘቅጥብሃል። ዩጂኒል ቤንዞኤት 70 አካባቢ የሚቀልጥ ነጭ ጠጣር ነው፣ ሙሉ ስሌቱ 1.34 ግራም። ድሬ ላይ የሚያስቸግረው ዘይት ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ያልጠራ ስለሆነ መቅለጫው ይወርዳል፣ ክፍሉም ሞቃት ነው። በረዶ ውስጥ አድርገህ የብርጭቆውን ግድግዳ በዘንግ ፋቀው፣ ከጠጠረ በኋላ ከኢታኖል አጥራው።

ለሌላ ጊዜ ደግሞ ዩጂኖልን በአልካሊና በሙቀት ወደ አይሶዩጂኖል ማዞር አለ፤ ፋብሪካዎች በፊት ቫኒሊን የሚሠሩት በዚያ በኩል ነበር። ያ እርምጃ ኤንኤምአር ለመማር ሸጋ ነው፦ 3.3 ፒፒኤም ላይ ያለው የሲኤች2 ምልክት ይጠፋና 1.9 አካባቢ ሜታይል ይወጣል።

ለገሀሬ

ስለ ናሙናው፦ ዱቄቱን እንጂ የተሟሟውን አትላክ። ለፕሮቶን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ለካርቦን ቢያንስ 20። ከመላክህ በፊት በቫኩም ለሰዓታት ይድረቅ፣ አለዚያ አዲስ አበባ ድረስ ልከህ የምታነበው የኢታይል አሲቴትን 1.26፣ 2.05 እና 4.12 ይሆናል። 1.26 እና 0.86 ላይ ሰፊ ነገር ካየህ የመገጣጠሚያ ቅባት ነው። የቧንቧ ውኃ እየፈሰሰ አየር በሚስብ የውኃ ጄት ቫኩም የምታደርቅ ከሆነ ወሰኑን እወቅ፦ ውኃው 15 ዲግሪ ቢሆን 17 ሚሊባር ይደርሳል፣ 30 ዲግሪ ከሆነ ግን ከ42 አይወርድም። እዚህ ቀትር ላይ ሶልቨንት አልወጣ የሚለው ፓምፑ ስለተበላሸ አይደለም። መሀል ላይ ደግሞ መከላከያ ጠርሙስ ካላስገባህ የቧንቧው ግፊት ሲወርድ ውኃው ወደ ናሙናህ ይመለሳል።

ሮታቫፑም (ሶልቨንት በቫኩም የሚያተንነው መሣሪያ) ያው ነው። ሳህኑ 60፣ ትነቱ 40፣ ማቀዝቀዣው 20 የሚለው ደንብ በቧንቧ ውኃ አይሞላም፤ በበረዶ ውኃ አዙር። የድሬ ውኃ ጨዋማ ድንጋይ ስለሚጥልም ኮንደንሰሩ ውስጥ ነጭ ሽፋን ሲታይ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጠበው።

ገንደቆሬ_ኬም (ጠያቂ)

የመጨረሻ። የተዘጋጀውን ኢተርና ቲኤችኤፍ እንዳይተን ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጥ? ሻይ ክፍል አንድ አለ።

ጀጎል_ላብ

ፈጽሞ። የቤት ፍሪጅ ውስጥ ቴርሞስታቱና የበሩ መብራት ስፓርክ ያወጣሉ፣ የኢተር ትነት ደግሞ እንደ ክፉ ጎረቤት ትንሽ ሰበብ ይበቃዋል። ለሚቀጣጠል ሶልቨንት የተሠራ ፍሪጅ ከሌለ ቡናማ ጠርሙስ፣ ሲቩ ከሥሩ፣ እስከ አፉ ሳይሞላ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ዝቅተኛ ቁምሳጥን። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ጻፍ፤ በየሦስት ወሩ በአዮዳይድ ፈትነው፣ ስድስት ወር ካለፈው ቢጠራም አስወግደው። ኢተሩን ቀድቶ ማስቀመጥ ራሱ አያስፈልግም፣ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃውን ብቻ አድርቅ።